አበልጄ የዘጋው ቫልቭ

የጉለሌ ብርድ እኛን አልገደለንም፤ ጓድን ግን ሊገድለው ነበር። ጓድ የምንለው በደርግ ጊዜ ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ ባለሥልጣን ነበር። እዚያ ሞቃት ወለል ለምዶ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ለሚያሠራው ቤትም ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ቧንቧ ኮንክሪቱ ውስጥ እንድንቀብር አዘዘን፤ እኔንና አበልጄን። ወንድ ልጄን ክርስትና ያነሳ፣ ለዓመታት አብሮኝ ቧንቧ የገጠመ ሰው ነው።

ቧንቧውን እያጠማዘዝን ከፌሮው ጋር አሰርነው። ከዚያ ደንቡ ውሃ ሞልቶ በፓምፕ መወጠር ነው፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ካልወረደ ነው ኮንክሪት የሚሞላው። አንዴ ከተቀበረ በኋላ ቢያፈስ ማን ይደርስበታል! በማግስቱ ቀጨኔ ቀብር ነበረብኝና ፍተሻውን ለእሱ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ መርፌው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"ምንም የለበትም፣ እንሙላው" አለኝ።

መለኪያው ሥር ያለውን ቫልቭ ነካ አድርጌ ማየት እችል ነበር። ግን አበልጅ የፈተሸውን መልሶ መፈተሽ በእኛ ዘንድ ሰውየውን ሌባ ከማለት አይተናነስም። ሞላነው።

ወር ሳይሞላ የሳሎኑ ወለል ረጠበ። ጓድ "አሻጥር ነው!" ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ይቺ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። ቀበሌ ጠርተው ሲጠይቁን አበልጄ ብድግ አለና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "እኔ ፌሮ ነው ያሰርኩት፤ ቧንቧውን የገጠመው እሱ ነው" አለ። ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ወር ቀበሌ ታሰርኩ። ባለቤቴ ስንቅ ስታመላልስ "የአሻጥረኛው ሚስት" ይሏት ነበር።

በኋላ ወለሉን ቆፍሬ እንድጠግን ለቀቁኝ፤ እሱም እንዲያግዘኝ ታዘዘ። መሮ ከማንሳቴ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን የመለኪያውን ሳጥን ከፈትኩ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ መርፌው ግን ያን ቀን እንደቆመ ቆሟል። መለኪያውን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ቫልቭ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ለካ ቧንቧው ያን ቀንም ያፈስ ነበር፤ መርፌው እንዳይወርድ ነው የዘጋው።

ዞር ብዬ አየሁት።

"ጓድ ቤቱ ለአብዮት በዓል ካልደረሰ ብሎ አስጨንቆን ነበር" አለ። "ቢዘገይ አሻጥረኛ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ልጆች አሉኝ እኮ፣ አበልጄ።"

"የእኔስ ልጅ?" አልኩት። "እሱስ የክርስትና ልጅህ አይደለም?"

መሮዬን አንስቼ ብቻዬን መቆፈር ጀመርኩ።