ስሙ ሳይጠራ

ልጅ ሳለሁ የወሩ የመጨረሻ እሑድ መድረሱን የማውቀው በጠረን ነበር። አባዬ በማለዳ ተነሥቶ አረንጓዴ ጃኬቱን ከሣጥን ያወጣና በረንዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ የብል መድኃኒቱ ሽታ እስከ አጥራችን በር ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ጫማውን ቀለም ይቀባል፤ ሲጨርስም ለእኔ ይቀባልኛል። አንድ ጊዜ ቡኒውን ጫማዬን በጥቁር ቀለም ቀብቶልኝ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ተሳቀብኝ። እሱ ግን ወታደር ቡኒ ጫማ አያደርግም ብሎ ተከራከረኝ።

እነ አባዬ በአንድ ጓድ ውስጥ አብረው የተዋጉ ወታደሮች ነበሩ፤ አባዬ ደግሞ የጓዱ መሪ፣ አስር አለቃ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንዱ ዓለም ገና፣ አንዱ ሱሉልታ፣ አንዱ ሆለታ እየሆኑ ተበታተኑ። በወር አንዴ ግን ሰበታ፣ ኦቦ ቶሎሳ ቤት፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰቡ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ አንድ እግራቸውን ጦር ሜዳ የተዉ፣ በክራንች የሚሄዱ ሰው ናቸው። ዓለም ገና ጫማ የሚሸጡት ጋሽ ከድር ገና ከበር ሲገቡ፣ ባለፈው ከወሰድከው ጥንድ የማታደርገውን አንዱን ጫማ መልስልኝ ብለው ይጀምሯቸዋል። ኦቦ ቶሎሳም፣ መጀመሪያ ለእሱ የሚሆን እግር ፈልገህ አምጣ ይሏቸዋል። በየወሩ ያው ቀልድ ነው፤ በየወሩም ይሳቃል።

ምግቡ ሁልጊዜ ምስርና ሽሮ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ሥጋ ስለሚበላ፣ ሥጋ ከቀረበ ትሪው ሁለት መሆኑ ነው። እነሱ ደግሞ ምሽግ ውስጥ ከአንድ ሳህን የበሉ ሰዎች ስለሆኑ ትሪ መለየት አይፈልጉም። የፋሲካ ሰሞን እንኳን ምስር ሲቀርብልን እኛ ልጆች እናኮርፍ ነበር። አኩርፈንም ግቢ ወጥተን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፤ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን እንጣላለን።

ከምግቡ በፊት ግን ሁላችንም ተጠርተን ቤት እንገባለን። የስም ጥሪ አለ። አባዬ መሀል ቆሞ የጓዱን ስም አንድ በአንድ በቃሉ ይጠራል። በሕይወት ያለው “አለሁ” ብሎ ይመልሳል። የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ከቤተሰቡ አንዱ ተነሥቶ “አለን” ይላል፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ በሙሉ ብድግ ይላሉ። ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ “አለን” ለማለት ነጠላቸውን አስተካክለው እስኪነሡ ድረስ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃቸዋል። የማን ልጅ መሆኔ የሚሰማኝ ያኔ ነበር። እነዚህን ሁሉ ሰዎች በአንድ ቃል የሚያስነሣቸው የእኔ አባት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ አንድ እሑድ የማላውቃት ሴት እኔን የምታክል ልጇን ይዛ መጣች። ከቡራዩ ነው የመጡት። ሴትየዋ አልማዝ፣ ልጅቷ ሰናይት ይባላሉ። ሲገቡ የቤቱ ጫጫታ ድንገት ቀነሰ። ለምን እንደሆነ እናቴን በሹክሹክታ ጠየቅኋት፤ እሷም የለማ ሚስት ናት አለችኝ። ለማ የሚባል ሰው ጓዱ ውስጥ እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጦር ሜዳ ሳሉ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አባዬ ለጥበቃ አቁሞት ቦታውን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ውሃ ፍለጋ ነው የሄደው የሚሉ አሉ፤ ፈርቶ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ በዚያው ጠዋት ሁለት ሰው ሞተ፤ ኦቦ ቶሎሳም እግራቸውን ያጡት ያኔ ነው። ለማ ከጦርነቱ በኋላ ቡራዩ በግንበኝነት ሲኖር አንድም ቀን ወደ ስብሰባው አልመጣም። አሁን ደግሞ ሞቷል።

አልማዝ አባዬ ፊት ቆማ አንድ ነገር ብቻ ለመነች።

“አስር አለቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሙን ይጥሩልኝና ልጄ ትመልስ።”

አባዬ አልተቆጣም። በጣም ለስለስ ብሎ፣ ከልጅሽ ጋር ብሉ፣ ጠጡ፣ ቤታችሁ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም አላት። እኔ ግራ ገባኝ። አባዬ ለማኝ እንኳን እምቢ ሲል አይቼው አላውቅም። ይባስ ብለው ኦቦ ቶሎሳ፣ የሄደው እግር የእኔ፣ እኔ ካልከፋኝ አንተን ምን አስከፋህ፣ ጥራው አሉ። አባዬ ግን ወደ ቦታው ሄዶ መሀል ቆመ። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? እግራቸውን ያጡት ሰው ይቅር ብለው ሁለት እግር ያለው እንዴት እምቢ ይላል? ጋሽ ከድርን አየኋቸው፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

የስም ጥሪው ተጀመረ። ሰናይት ከእናቷ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ እንደመጣች ያስታውቃል። ስሞቹ እያለቁ ሄዱ። የመጨረሻው ስም ተጠራ፣ ተመለሰ። አባዬ አፉን ዘጋ።

ሰናይት ተነሣች። ማንም አልጠራትም።

“አለን” አለች።

 ከዚያ የክራንች ድምፅ ተሰማ፤ ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጋሽ ከድር ተከተሉ። ሌሎቹም አስበውበት ይሁን ልማድ ሆኖባቸው አላውቅም፣ አንድ በአንድ ተነሡ። አባዬ መጀመሪያውኑ እንደቆመ ነው። እግሩን ገጥሞ ጀርባውን ቀጥ ሲያደርግ ግን አየሁት። ስሙን ግን አልጠራም። ኦቦ ቶሎሳ ልጅቷን “ታኢ፣ ኢንተላ ኮ” አሏት፤ ተቀመጪ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ምስሩ መጣ፤ ሁላችንም ምንም እንዳልሆነ በላን። ለማ ተጠራ ወይስ አልተጠራም? እናቴን ብጠይቃት ብዪ አለችኝ።

ማታ አባዬ ከተኛ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። አባዬ የለማ ቀብር ላይ ነበር። ማንም ሳያየው ከሰው ኋላ ቆሞ ተመልሷል። ወታደር ቤት የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ ብርድ ልብስ እንኳን የሚጋሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ይህ ነገሩን ያቀልልኛል ብላ ይሆናል የነገረችኝ፤ እኔን ጭራሽ አደናገረኝ።

ሰናይት ከዚያ በኋላ አልቀረችም። በየወሩ አባዬ የመጨረሻውን ስም ጠርቶ ትንሽ ዝም ይላል፣ እሷ “አለን” ትላለች፣ ሁሉም ይነሣል። ጓደኛዬ ከሆነች በኋላ፣ ስሙን አለመጥራቱ አይከፋሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። “አባትሽ እኮ ይጠብቀኛል” አለችኝ። 

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። በእረፍት ወደ ቤት ስመጣ አባዬን ብቻውን አገኘሁትና እነዚያን ሁሉ ዓመታት የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ለምን አትጠራውም? እንዲህ ብሎ መለሰልኝ።

“ስጠራው ራሱ እንዲመልስልኝ ነበር የምፈልገው። ሰበታና ቡራዩ ምን ያህል ይራራቃል? ስሙን ለእሱ አስቀምጬለት ነበር፣ አልመጣም።”

ይህ ቂም ይሁን ናፍቆት ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም፤ እሱም የሚችል አልመሰለኝም። ዛሬ ስብሰባው ላይ ከ“አለሁ” ይልቅ “አለን” በዝቷል፤ አባዬም ድምፁ ደክሟል። ልጅ ሳለሁ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ፣ አባዬ ግን ሁሉን ያወቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለታችንም እዚያው ቤት ውስጥ ግራ ገብቶን ቆመን ነበር። እንደዚያ ሳስበው ከዚያ ሁሉን ከሚያውቀው አባቴ ይልቅ ይሄኛው ይበልጥ ይቀርበኛል።