አሜን የማይለው መኪና ሻጭ

በመርሳ ከተማ ያገለገለ መኪና የሚሸጠው ሰውዬ ጻድቅ ነው ይባላል፤ እስካሁን ክንፍ ያላበቀለውም ኮቱ ስለጠበበው ብቻ ነው አሉ። እኔ ግን መኪና ሻጭና ጽድቅ በአንድ መንገድ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ ግራና ለሚኖሩት ገበሬ ለአያ አብዱልሐሊም የሸጠላቸው ፒካፕ በየገበያው ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ስትል፣ ሻዩን ጥሎ ይሮጥና የተወለወለ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ይገፋል። ሰዎች ሽማግሌውን «ክሰሱት እንጂ!» ሲሏቸው፣ «የሚገፋልኝን ልጅ?» ብለው ይቆጣሉ።

ገፍቶ ሲጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። ገበያተኛው ሁሉ አሜን ሲል፣ የተጫነች አህያ እንኳ ጆሮዋን ስታቆም፣ እሱ ብቻ አፉን ገጥሞ መሬት መሬት ያያል።

ትናንት «አንተ ደግ ልጅ፣ አሜን በል እንጂ!» አሉት።

«ደግ አይደለሁም አባባ» አላቸው፤ «ሞተሯ እንደማይረባ እያወቅሁ ነው የሸጥሁልዎ።»