የኡም ረሻድ ፌርማታ

የኡም ረሻድ አንድ ቀን ለምሳ ዛዕተር የሚባል ቅመም የተነሰነሰበት ቂጣ፣ ማታ ደግሞ የጉልበት ቅባት ይፈጃል። ከዚህ ሳምንት ወዲህ የአውቶቡስ ደርሶ መልስም፣ ይሉኝታዋንም እየከፈለች ነው፤ የከበዳት ግን ይሉኝታው ነው።

ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። ስሟ ኢቲዳል ነው፤ በበኩር ልጇ ስም ግን ኡም ረሻድ፣ የረሻድ እናት፣ እንላታለን። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች። እሷም እኔም መኪና አንነዳም። እዚህ ፓተርሰን ከተማ ሥጋ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ መስጊዱም በእግር ይደረሳል፤ ሥራና ሐኪም ቤት ግን ያለ አውቶቡስ ወይ ያለ ሰው መኪና አይታሰብም።

ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ተሳፋሪ ስለሌለው ፌርማታው ሊዘጋ ነው። ቀጣዩ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፤ እኔ የልጄን ጋሪ የምገፋበት የእግረኛ መንገድ እንኳ የለውም።

"እንዴት ተሳፋሪ የለውም? እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለች ኡም ረሻድ።

"አክስቴ፣ ትቆሚያለሽ እንጂ መቼ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሴት ፌርማታ ላይ ቆማ እያዩ ማለፍ ነውር ነው፤ አንዱ ሳያነሳት አውቶቡሱ አይደርስም። በረዶ የጣለ ቀን ግን ባለመኪናው ሁሉ ከቤቱ አይወጣም፤ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም፤ ያን ቀን ያለን አውቶቡሱ ብቻ ነው።

ለአውቶቡስ ድርጅቱ ደወልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ተሳፋሪውን ደግመን እንቆጥራለን አሉኝ።

በማግስቱ ፌርማታው ላይ አብረን ስንጠብቅ ሥጋ ሻጩ አቡ ዋስፊ መኪናውን አጠገባችን አቆመ።

"ግቢ ኡም ረሻድ! በጉ ከኋላ ነው፣ ታርዷል፣ አይወጋሽም።"

"አልገባም።"

"ምን አጠፋሁ? ባለፈው ጉበት ስላሳነስኩብሽ ነው?"

"እሱንም አልረሳሁም። ሂድ፣ ዛሬ አውቶቡሱ ይቁጠረኝ።"

"ብርድ ላይ ጥሏት ሄደ ይሉኛል'ኮ!"

"ለመንኳት፣ እንደ በቅሎ ገገመች በላቸው!"

ከኋላው ያለው ሾፌር ጥሩምባውን አስጮኸ። ለካስ ቸኩሎ አይደለም፤ መስኮቱን አውርዶ "እኔ ጋ ግቢ!" ይላል። ኡም ረሻድ ፊቷን አዞረችበት። ጉንጯ በእፍረት ቀልቷል፤ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። አውቶቡሱ ሲመጣ የልጄን ጋሪ አብራኝ አንስታ አሳፈረችኝ፤ ተከትላኝ ገባች።

ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ናት። ለሰፈሩ ሰው ጻፊልኝ ያለችኝ ይህን ነው፦ "እዚያ ቆሜ ካያችሁኝ ጥሩምባ ንፉ፣ ሰላም በሉኝ፣ ከፈለጋችሁም ስደቡኝ። ብቻ እባካችሁ አትቁሙልኝ፤ እለፉኝ።"