ማንም ያልረገጠው አሸዋ

ባለፈው ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ መጨረሻው የማይታይ የባሕር ዳር አሸዋ አየሁ። የሰው ዱካ የሚባል የለበትም። ቆሜ ሳየው ብዙ ቆየሁ፤ ስመለስ ለማስታወሻ በጠርሙስ ሞልቼ ይዤ መጣሁ።

አሰላ እንደገባሁ፣ ታመው የተኙትን ጎረቤቴን ጋሽ ከድርን ልጠይቅ ሄድኩ። ጠርሙሱንም ይዣለሁ። የባሕሩን ፎቶ ከስልኬ ባሳያቸውም ዓይናቸው ከአሸዋው ላይ አልነቀል አለ።

«ሰው አይረግጠውም?»

«ማንም አይደርስበትም።»

«ከብትስ?»

«ከብትም የለም።»

«ንጹሕ ነው በለኛ።»

ባሕር ማየት ያማራቸው መሰለኝ። «ሲሻልዎት እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።

«ምን አስኬደኝ፣ አንተ አምጥተኸው። እስቲ ትሪው ላይ አፍስሰው።»

ግራ እየገባኝ አፈሰስኩት። ቀና ብለው ተቀመጡና መዳፋቸውን አሸዋው ላይ አሳረፉ። እፍ ብለው ፊታቸውን አበሱ፣ ከዚያ እጆቻቸውን።

«ሐኪም ገላዬን ውሃ እንዳይነካው ከከለከለኝ ወዲህ» አሉኝ፣ «ለሶላት የምታጠበው በዚህ ግድግዳ አፈር ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረው «አላሁ አክበር» ሲሉ፣ ባሕሩን እያሳየ የቀረውን ስልኬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።