የእናቴ ነጠላ እንዴት እንደነጣ

ከመርሐቤቴ በወጣንበት ማታ እናቴ ከቤታችን ያወጣችው የለበሰችውን ነጠላ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተቃጥሏል። ጎተራው፣ አልጋው፣ የአባቴ በርኖስ፣ እኔ የደገምኩበት ዳዊት ሳይቀር አመድ ሆኗል። አባቴን ጣሊያኖች የገደሉት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወታደር ስለቆመ ወደዚያ ወስደን መቅበር አልቻልንም፤ ከሰዓት በኋላ እናቴና እኔ ብቻችንን እርሻችን ዳር ከግራሩ ሥር ቀበርነው። እኔ በማረሻ ስቆፍር እሷ አፈሩን በነጠላዋ እየያዘች ታወጣለች፤ በመጨረሻም በዚያው ነጠላ እየያዘች መልሳ አፈሩን አለበሰችው። ሲመሽ ያ ነጠላ ነጭ እንደነበረ የሚገምት ሰው አይኖርም ነበር።

ቁልቁለቱን ስንጀምር «አባትህን ቤተ ክርስቲያን አስገብቼ ተዝካሩን ሳላወጣ ይህን ነጠላ ውሃ አይነካውም» አለችኝ። 

እንግዲህ ጋሽ ወልዴ፣ የአባቴ ወንድም ነዎትና ይህን የምጽፈው በተለይ ለእርስዎ ነው፤ ለቀሩት ዘመዶቻችንም ያንብቡላቸው። ገድሌ የጨው ነጋዴው ከአዲስ አበባ ተመልሶ «አስካለን ኮልፌ ገበያ ላይ ነጭ ለብሳ አየኋት» ብሎ እንደነገራችሁ ሰምቻለሁ። «ባሏን እንዲህ ቶሎ ከረሳች ለተዝካሩ እንዳትመጣ» ብላችሁ የላካችሁትም ቃል ደርሶኛል። ገድሌ አልዋሸም። ነጭ ለብሳ ነበር። ግን እንዴት እንደለበሰች አልጠየቃትም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም። ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልበርድ ሲለኝ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጣነው፣ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተሸሸግን፣ ሲመሽ እየተጓዝን ነው። በገዛ አገራችን፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር መሬት ላይ እየተለጠፍን። አዲስ አበባ መግቢያ ኬላው ጋ ስንደርስ ግን መሸሸጊያ አልነበረም። ያቆመን ጣሊያን ዘበኛ ነው፤ አጠገቡ የእኛው አገር ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ቆሟል። አስተርጓሚው የእናቴን ነጠላ ከላይ እስከ ታች አየና ለማን ነው ያዘነችው ብሎ ጠየቀኝ። ለባሏ አልኩት።

«ምን ገደለው?»

«ወባ።»

እናቴ አንገቷን እንደደፋች «ወባው ጠመንጃ ይዞ ነበር» አለች።

ዘበኛው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው «ማላሪያ» አለለት። በዚያች አንዲት ቃል አለፍን። ያን ዕለት ሰውየውን በልቤ መርቄው ነበር፤ ምርቃቴን ኋላ መልሼ ወስጄዋለሁ።

ኮልፌ የገባነው ሌሎች የአገራችን ሰዎች እዚያ ሰፍረዋል ሲሉን ሰምተን ነው። ያከራየችን ሴት እትዬ ብርቄ ትባላለች፤ ክፍሉ ቀድሞ የበቅሎ ጋጥ ነበር። ሽታው አልወጣም ብዬ ዋጋ እንድትቀንስልኝ ስለምናት «በቅሎዬን ጣሊያን ባይወስዳት መች ለናንተ እሰጥ ነበር? እሷ እንዳንተ አትጨቃጨቅም» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ነው እንጂ።

ቆላ ለለመደ ሰው ኮልፌ ማለት ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ ሥር ሳይነሳ ይረፍዳል፤ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። በርበሬው አይለበልብም፣ ቅቤው አይሸትም፣ የማሽላ እንጀራ ብትል ይስቁብሃል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ እንደምን አደርክ ይልሃል፤ መልሱን ሳይሰማ አልፎህ ሄዷል። እኛ አገር እኮ ከብቱም ቡቃያውም ልጁም ተጠይቆ ነው ሰው የሚለያየው። ያም ሆኖ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የኮልፌ ሴቶች ያን ያደፈ ነጠላ ሲያዩ አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቧ ተቀመጡ። ኦሮሞዋም፣ ጉራጌዋም፣ የጎጃሟም። የማን ሚስት እንደሆነች ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። አገር የሌላት ሴት፣ ማን እንደሆነች የሚናገርላት እሱ ነጠላ ብቻ ነበር።

እኔ ሥራ ያገኘሁት ካሚዮን ከሚጠገንበት ግቢ ነው፤ እነሱ ኦፊቺና ይሉታል። ቱታ የሚባል ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ ልብስ ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ ካሚዮን ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠብብኛል። ሰኞ ሰኞ ግን ካፖ የሚሉት አለቃ በር ላይ ቆሞ ቱታው ያደፈበትን ሠራተኛ ይመልሳል። የተመለሰ ይለፍ ወረቀቱን ይነጠቃል፤ ይለፍ የሌለው ከተማ ውስጥ ቢገኝ ይታሰራል። ካሚዮናቸው ያፈስብናል፣ ለምን ፈሰሰባችሁ ብለው ይቆጡናል።

እናቴ ቱታውን ወንዝ ወርዳ በእንዶድ አሸችው። ሸማ እንደ ወተት የሚያነጣው እንዶድ እዚህ ላይ ሲደርስ አረፋ ብቻ ሆነ፤ ዘይቱ ከደረቱ ወደ ጀርባው ተዛወረ። በአመድ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ በአሸዋ ፈተገችው፣ ድንጋይ ላይ ደበደበችው። እጇ ተላጠ እንጂ እድፉ ንቅንቅ አላለም። ከተማ መሃል ልብስ ያለ ውሃ የሚያጸዳ የጣሊያን ቤት አለ ሲሉኝ ወደዚያ ሄድኩ። በር ላይ ያለችው ሴት ቱታዬን በጣቷ ጫፍ አንስታ መልሳ ጣለችው። የኢንዲጀኖ ልብስ ከሰው ልብስ ጋር አይጸዳም አለች፤ ኢንዲጀኖ የሚሉት እኛን ነው። ብትቀበለኝም ኖሮ ዋጋው የሳምንት ደመወዜን ይውጠው ነበር።

በኋላ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ምሥጢሩን ነገረኝ፤ እዚያ ቤት ዘይት የሚያስለቅቁት በቤንዚና ነው። ከካሚዮን የሚንጠባጠበውን በጣሳ አጠራቀምኩና ቱታውን አሸሁበት። እውነትም ለቀቀ። ሰኞ ጠዋት ደረቴን ነፍቼ በር ላይ ደረስኩ። ካፖው ልብሴን አየና ይሁን እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ አፍንጫውን አስጠጋ። ቤንዚና ሰርቀሃል አለኝ። አልሰረቅሁም፣ ካሚዮኑ ያፈሰሰውን ነው ብዬ በአስተርጓሚው አስነገርኩ፤ አስተርጓሚው ያ የኬላው ሰው ነው፣ እኛ ግቢም ይመላለሳል። የፈሰሰውም የመንግሥት ነው አለ ካፖው።

«ልብሴ ላይ የፈሰሰው ዘይትስ የማን ነው?» አልኩ።

ይህን አስተርጓሚው ሳይተረጉምለት ካፖው በጥፊ አጮለኝ። ከፊቴ ሳይገባው አልቀረም። ሁለተኛ ቤንዚና ከሸተትክ ትታሰራለህ ብሎ አስገባኝ። ካደፍክ ትባረራለህ፣ ከጸዳህ ትታሰራለህ፤ ይኸውላችሁ፣ ሥልጣኔ አመጣንላችሁ የሚሉት ይህንን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካፖው ሰበሰበን። ሲኞራዎቹ፣ የሹማምንቱ ሚስቶች ማለት ነው፣ ለነፍሳቸው ብለው ቅዳሜ የሠራተኛ ልብስ በነጻ ያጸዳሉ፤ ከአገራቸው የመጣ አሮጌ ልብስም ለድሃ ይሰጣሉ። ካሪታ ነው አለ፤ ምጽዋት ማለታቸው ነው። ነገር ግን ተስቦ ስለሚፈሩ ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር መምጣት አለበት፤ የመጣ ሰው እጁ ላይ ማኅተም ይመታለታል፤ ማኅተሙ የሌለበት ሰኞ ሥራ አይገባም። ምጽዋት በግዴታ ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አስተርጓሚውን ለብቻው ያዝኩት። እናቴ ሐዘንተኛ ናት፣ ልብሷ መታጠብ የለበትም፣ አንተ የእኛ ሰው ነህ ታውቀዋለህ አልኩት። «አውቃለሁ እንጂ፤ እሷ ቆማ ማኅተሟን ታስመታለች፣ የሚጸዳው ያንተ ነው» አለኝ። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። እንጀራህ እንዳይቀር፣ ቆሜ እመለሳለሁ ብላ ተነሳች።

ቅዳሜ ኬላው አጠገብ ድንኳን ተክለው፣ ትልልቅ በርሜል በእንፋሎት እየፈላ፣ የቤንዚናው ገንዳ ለብቻው ተቀምጦ ጠበቁን። ወንድ በአንድ በኩል ሴት በሌላ በኩል ሆነን መሃሉ በሸራ ተጋረደ። ቱታዬን አውልቄ በቁምጣ እንደቆምኩ ከሸራው ወዲያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ባሏን በቀበረችበት ቀን እንኳ ያልጮኸች ሴት «ተዉኝ» እያለች ትጮሃለች። ሮጥኩ። ዘበኛው ጠመንጃውን አግድሞ ደረቴን መታኝ። አስተርጓሚው ወዲያ ገብቶ ተመለሰና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ሁሉም ይታጠባል ብለዋል፣ ትእዛዝ ነው አለኝ። ሁለት ሴቶች ይዘዋት፣ ሦስተኛዋ ነጠላውን ከላይዋ ላይ ጎትታ እንደወሰደችው ኋላ ነው የሰማሁት።

እናቴ ስትወጣ አበባ ያለበት የፈረንጅ ቀሚስ አልብሰዋታል። ጋሽ ወልዴ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ቢያዩአት ኖሮ ያን ቃል አይልኩም ነበር። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ቆመች። ብዙ ከቆየን በኋላ አንዷ ሲኞራ ነጠላውን አጣጥፋ፣ በሁለት እጇ እንደ ስጦታ ይዛ መጣች። ነጭ ሆኗል። ከሸማኔው እጅ ሲወጣም እንዲያ አልነበረም። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ በጭካኔ አይደለም፣ ደስ ብሏት ነው፣ ያ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ባሏን የገደሉት የእነሱ ሰዎች ናቸው፤ ሐዘኗንም እነሱ አጥበው አወጡላት። ደግሞም በነጻ።

እናቴ ነጠላውን ተቀበለችና ዘርግታ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ጫፉን በጣቷ አሸችው። ከዚያ አስተርጓሚውን «አፈሩን የት ደፋችሁት?» አለችው።

 ሲኞራዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችው።

«ግራዚዬ ትላለች» አለላት፤ አመሰገነች ማለቱ ነው።

ሴትዮዋ የእናቴን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ሄደች። በዚያ ሰዓት ካፖውንም ዘበኛውንም ሳይሆን ያን አስተርጓሚ ለማነቅ ነበር የፈለግሁት፤ እነሱ እንኳ ልማዳችንን አያውቁም። የእኔ ቱታ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ዘይቱ ደረቱ ላይ እንዳለ ነው የተመለሰልኝ። ሰኞ ካፖው ልብሴን አላየውም፤ እጄ ላይ ያለውን ማኅተም አየና ግባ አለኝ።

የፈረንጁን ቀሚስ እናቴ ከሸራው ወዲያ አውልቃ ጥላ፣ የታጠበ አሮጌ ቀሚሷን መልሳ ለበሰች። ሌላ የምትደርበው የላትም፣ ብርዱም ብርድ ነው፣ ስለዚህ ነጩን ነጠላ ለበሰች። እትዬ ብርቄ ከግቢው በር ላይ አየቻትና «እሰይ፣ እንኳን ከሐዘን ወጡ እማማ» ብላ እልል ልትል ስትል እጄን አፏ ላይ ጫንኩት። ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ በከሰልና በጭቃ ዘፍዝፌ ላጥቁርልዎት አለቻት። እናቴ እምቢ አለች። ያ የባሌ አፈር ነበር፣ ይህ የኮልፌ ጭቃ ነው፣ ምን ያደርግልኛል አለች። ገድሌ ገበያ ላይ ያያት በዚያ ሳምንት ነው። ከእርሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንደተያዩ፣ አገሯን የሚነግራት ሰው አገኘሁ ብላ ወደ እሱ ስትሄድ ፊቱን አዙሮ እንደጠፋባት ነግራኛለች። የጨው ነጋዴ ለሰላምታ ሰሰተ፤ ወሬ ለመሸከም ግን አልከበደውም።

ልቅሶ ይደርሱ የነበሩ ሴቶችም ቀርተዋል። አዳዲስ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲገባ እንደማንኛዋም ሴት ሰላም ብሏት ያልፋል። ማንም ምን ሆንሽ አይላትም። እናንተ ደግሞ ከወዲያ ሆናችሁ ተዝካሩን ከለከላችኋት። ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ፤ ይህን ግን አልረሳውም።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ገድሌ ያልኩት ጋ ስደርስ አልተቆጣችም፤ ስለ ተዝካሩ የላካችሁት ጋ ስደርስም አልተቆጣችም። እኔ እንድትቆጣ ፈልጌ ነበር። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ ጨረስክ ወይ አለችኝ። ጨረስኩ አልኳት።

«እንግዲያው ለወልዴ እንዲህ ብለህ ጨምርልኝ» አለች። «ክረምት እየገባ ነው፤ ግራሩ ሥር ያለው አፈር ገና አልጠናም። ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን በእሾህ ይከልልልኝ። እኔን ከዚያ በኋላ ይቀየመኝ።»