በሞሲሳ ኪስ ውስጥ የሚጮኸው ነገር

ቦሌ ሚካኤል ሞተር ያለው ሰው ሞልቷል። የሞተሩን ጎማ ነፋስ በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር ግን ሞሲሳ ብቻ ነበር። እንዴት መሰላችሁ፤ እያንዳንዱ ጎማ ነፋስ በሚሞላበት ቀዳዳ ላይ፣ በክዳኑ ቦታ፣ ቆብ የምትመስል ትንሽ ነገር ትጠለቃለች። ቆቧ ነፋሱን እየለካች የክብሪት ሳጥን ለምታህል ማያ ታቀብላለች፤ ማያዋ ላይ የፊትና የኋላው ጎማ ቁጥር ይነበባል። ነፋሱ ከቀነሰ ትጮሃለች። አጯጯኋ ደግሞ ረሃብ የያዘው ጫጩት ነው። የአክስቱ ልጅ ከዱባይ ያመጣችለት ስጦታ ነበረች፤ መሪው ላይ ቢያስራት ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ከኪሱ አይለያትም።

አልፈርድበትም። ያን ጊዜ ከተማው ፈርሶ የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ወዲያ ሕንፃ፣ ወዲህ ባቡር። ሞሲሳ ከወሎ ሰፈር የማሽን መለዋወጫ እየጫነ አያት አካባቢ ላሉት ግንባታዎች ያደርሳል። መንገዱ ምስማር ነው የሚያበቅለው። ጎማው ተነፈሰ ማለት የልጆቹ እራት ተነፈሰ ማለት ነው።

ቆቧ ከመምጣቷ በፊት የጎማው ዘበኛ ጎረቤቱ ጋሽ ፍስሃ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑና፣ «ሰላም አድራለች፤ ሂድ» ይሉታል። ሰላም ካላደረች ሞሲሳ መሪውን ይይዛል፣ እሳቸው ከኋላ በግራ በኩል እየገፉ አስፋልቱ ዳር ካለው ጎሚስታ ያደርሱታል። «ይተዉ ጋሼ» ሲላቸው፣ «ጉልበቴን ለማን ላስቀምጠው፣ ለምስጥ?» ይላሉ።

ዕቃዋ የመጣች ለታ ሞሲሳ በደስታ ሰክሮ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይጎንበሱ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የማየው» አላቸው።

«አልጋህ ላይ?»

«አዎ፣ ይቺውና።»

«እንግዲያው እኔም አልጋዬ ላይ ልሁና» ብለው ሳቁ። እውነትም ከዚያ ወዲያ ጎማ ሲነኩ አላየናቸውም። ክረምቱን ታመው ከረሙ፣ መስቀል ሳይደርስ አረፉ።

በቀብሩ ቀን ሞሲሳ ከሳጥኑ ፊት በቀኝ በኩል ገባ። ማንም አልተሻማውም፤ ለጋሽ ፍስሃ እንደ ልጅ ነበር። እኔ ከኋላው ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፈን ወደ መቃብሩ ስንታጠፍ፣ ያቺ ጫጩት ከኪሱ ጮኸች። ትከሻው ሲሸማቀቅ ታየኝ። ደረቱን መታ መታ አደረገ። አላቆመችም። ሞተሩ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል፤ ሌባ ጎማውን እያስተነፈሰ መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ በኋላ እንደነገረኝ ይኸው ነው ያሰበው።

«አንዴ ያዝልኝ» አለኝ፣ ፌስታል የሚያስይዝ ይመስል። ከሳጥኑ ሥር ወጥቶ ሮጠ።

ሳጥኑ በዚያ ጥግ ዘቀጠ። ከኋላ የምትከተለዋ የባለቤታቸው የእትዬ ወለተማርያም ለቅሶ ቀጥ አለ። ወዲያው በር ድረስ ሊሸኝ የመጣው የሴራሚክ ነጋዴው ኑሪ ገብቶ ትከሻውን ሰጠልን። እንግዲህ ጋሽ ፍስሃን ከፊት ተሸክሞ ያሳረፋቸው እስላሙ ኑሪ ነው።

ሞተሩ ደህና ነበር። ሌባ የለ፣ ምስማር የለ፤ ጎማው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። የጮኸችው የራሷ ባትሪ አልቆ ነው። ሞሲሳ ሲመለስ አፈር ተመልሷል።

ወደ ለቅሶው ድንኳን ሳይመጣ ቆይቶ በሰልስቱ ብቅ አለ፣ ከበሩ ሥር ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞች መች ይምሩታል።

«የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አርጅቷል፤ የሞሲሳን ኪስ እንቅጠር» አለ ኑሪ።

«ሰው ሲሞትም ትጮሃለች?» ጠየቀ አንዱ።

«የለም፣ እሷ ለጎማ ብቻ ነው የምታለቅስ።»

ድንኳኑ ሳቀ። ሞሲሳም ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ እምቢ አለው። እትዬ ወለተማርያም ከሴቶቹ መሃል ሆና ሁሉን ትሰማለች፤ አንድም ቃል አልወጣትም። ይሄ ነው የገደለው። ብትሰድበው በተገላገለ። ከዚያ በኋላ በሯን ላለማለፍ በጀርባ ባለው ጭቃ ሞተሩን እየጎተተ ይወጣ ነበር።

አርባው ሲደርስ ራሷ በሩን አንኳኳች። «ለአርባው ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው ዳቦ አለ። ታክሲው ሰልፍ ነው። አንተ ትወስደኛለህ» አለችው። የጠየቀችው አልመሰለውም፣ የማረችው ነው የመሰለው። ሞተሩን ሁለት ጊዜ አጠበ፤ ለቆቧ አዲስ ባትሪ አስገባ።

በነጋታው ጥቁሯን ለብሳ፣ ዳቦውን ታቅፋ፣ በጎን ተቀመጠች። ኮብልስቶኑ ላይ ጥቂት እንደሄዱ ጫጩቷ ጮኸች። ሞሲሳ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀጥ ብሎ ነዳ።

«ይጮሃል እኮ» አለችው።

«ይጩህ እትዬ።»

«ባሌን ጥለህ የሮጥክለት ነገር፣ ዛሬ ለእኔ ሲሆን ዝም ይባላል?»

ቆመ። ወርዶ የኋላውን ጎማ አየ፤ በዚያን ቀን ግን ጫጩቷ አልዋሸችም። አንድ ጣት የሚያህል ምስማር ተሰክቷል፣ ነፋሱም እየወጣ ነው። ማያዋን አውጥቶ አየና መልሶ ኪሱ ከተታት። ይቅርታ ሊላት ቀና አለ።

እሷ ዳቦውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወደ ኋላ ዞረች።

«ፍስሃ በየት በኩል ነበር የሚገፋልህ?»

«እትዬ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ይተዉ…»

«መሪህን ያዝ። በየት በኩል?»

«በግራ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በግራ በኩል ገብታ ገፋች። እኔ ከሱቄ በራፍ ሆኜ አየኋቸው፤ ኑሪም ከማዶ ከሴራሚክ ሱቁ። ኑሪ ለቀልድ የከፈተውን አፍ መልሶ ገጠመና የጣለውን ካርቶን ማንሳት ጀመረ። ሞሲሳ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ኋላ አንዴም ሳይዞር፣ ወደ ጎሚስታው ይሄዳል። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የምትጮኸውን የሚያጠፋበት እጅ አልነበረውም።