ዝናብ (ኩራሺና)

በእኛ ሰፈር ዝናብ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የአጥር ጎረቤቴ ባልቴቷ ኩራሺና ሳን ናቸው፤ ከስም ቀጥሎ 'ሳን' የምንለው ለክብር ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፣ ጉልበታቸው ግን ከእኔ ይሻላል፤ ጓሯቸውን ራሳቸው ቆፍረው ፍጁልና ባሮ ሽንኩርት ያወጣሉ። ሰው አያሙም። የሚቃጠለውን ቆሻሻ የማይቃጠለው በሚሰበሰብበት ቀን አውጥተው አያውቁም፣ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከጽድቅ ይቆጠራል። ብቻ ለሽርሽር ከወጡ ይዘንባል ይባላል።

እኔ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምሠራ ነኝ። ሌሊት ተነስቼ አኩሪ አተር እፈጫለሁ እንጂ ብዙ ጽፌ አላውቅም፤ ካየሁት ላይ ለመጨመርም ድፍረቱ የለኝም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ላስቀምጥ።

የሰፈራችን ማኅበር በየዓመቱ ቅጠሉ ሲቀላ አውቶቡስ ተከራይቶ አገር ሊያይ ይወጣል። መሪው ኢሶቤ ሳን ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከቤት ቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቆጣሪው ቀረ እንጂ ማንበቡ አልቀረም። የጉዞውን ፕሮግራም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ይላል፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ መድረስ፤ መደነቅ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፤ መጸዳጃ ቤት፣ ሃያ ደቂቃ፤ ለጎረቤትና ለዘመድ ጣፋጭ መግዛት፣ አርባ ደቂቃ። ሰማያዊ ባንዲራ ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኛ ከኋላ ባንዲራውን እያየን እንከተላለን። አንዳንድ ዓመት ከባንዲራው በቀር ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ኩራሺና ሳን ከተራራው መንደር ወርደው ሰፈራችን የገቡት ከአሥር ዓመት በፊት፣ ባላቸው ሲሞቱ ነው። በመጡበት ዓመት ወደ ባሕሩ ገደል ሄድን፤ ዘነበ። በሁለተኛው ዓመት አውሎ ነፋስ መጣና አውቶቡሳችን ዋሻ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆመ፤ ኢሶቤ ሳን የዋሻውን ርዝመትና የተቆፈረበትን ዓመት ሲያስረዱን ቆዩ። በሦስተኛው ካፊያና ጉም ነበር፤ አንድ ዝነኛ ተራራ ለማየት ሄደን፣ ሥሩ ቆመን፣ በፖስታ ካርድ ላይ አየነው። በአራተኛው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። በአራቱም ዝናብ አውቶቡሱ ውስጥ ሌሎቻችንም ነበርን፣ ያ ግን አልተቆጠረም።

በእኛ አገር ሰውን አትምጣ ማለት ነውር ነው። እንዳይመጣ ማድረግ ግን ነውር የለበትም። ማስታወቂያ የሚደርሰን ወረቀት በተቆነጠጠበት ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ያነብባል፣ የሚመዘገብ ከሆነ እንደ ፊርማ የምንጠቀምበትን ማኅተሙን ያደርግበታል፣ ወስዶ ለሚቀጥለው ቤት ያቀብላል። ከእኔ ቤት ቀጥሎ፣ በመጨረሻ፣ የኩራሺና ሳን ቤት ነው። በአምስተኛው ዓመት ኢሶቤ ሳን ሱቄ መጡ።

"አንተ ኦኑኪ፣ ሥራ ይበዛብሃል አይደል?" አሉኝ።

"ኧረ ብዙም አይደለም።"

"ይበዛብሃል። ሥራ የበዛበት ሰው ሰሌዳ ሳያቀብል ሦስት አራት ቀን ቢቆይ ማን ይቀየመዋል? መመዝገቢያው ደግሞ ዓርብ ያበቃል።"

ከዚያ በላይ አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳውን ሰኞ ተቀብዬ ቅዳሜ አቀበልኩ። ኩራሺና ሳንም ስድስት ዓመት ሙሉ "ውይ፣ ዘንድሮም አለፈኝ" እያሉ፣ ለሄድነው ሁሉ እንዳይበርደን ትኩስ የስኳር ድንች እየጠቀለሉ አውቶቡሱ ድረስ መጥተው ሸኙን። ከጉዞ ስንመለስ ደግሞ እኛ ጣፋጭ እንሰጣቸዋለን። በአንድ ወቅት ለእሳቸው ብቻ አሥራ ዘጠኝ ካርቶን ጣፋጭ ቤታቸው ተከምሮ አይቻለሁ። ያፈርን ሰዎች ብዙ እንገዛለን።

ታዲያ ከስድስቱ ዓመት በሁለቱ እሳቸው በሌሉበትም ዘነበ። ማኅበሩ ተነጋግሮበታል። የመጀመሪያው፣ ሊሸኙን ሲመጡ እጃቸው አውቶቡሱን ስለነካ ነው ተባለ። ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤታችን ሙራኮሺ የእሳቸውን ጃንጥላ ተውሳ ስለመጣች ነው።

ዘንድሮ ማክሰኞ ጠዋት ኩራሺና ሳን ቶፉ ሊገዙ ገቡ።

"ኦኑኪ፣ ሰሌዳው ደርሷል?"

"የቱ ሰሌዳ?"

"ከኋላህ ያለው።"

ዞር ስል ሰሌዳው ከአኩሪ አተሩ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ውሸት መናገር አቅቶኝ ሳይሆን፣ ቶሎ አይመጣልኝም። አንስቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቆሙና እንዲህ አሉኝ፦

"እንዳትጨነቅ። ሰሌዳውን ማዘግየት ከጀመርክ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አውቄዋለሁ።"

መሬት መሬት አየሁ።

"ባለፈው ወር የማኅበሩን አዳራሽ የማጽዳት ተራዬ ነበር። የጉዞ መዝገቡን አየሁት። የት እንደሄዳችሁ፣ ስንት ሰው እንደሄደ፣ አየሩ እንዴት እንደነበረ ይላል። በእኔ አራት ዓመት ላይ 'ዝናብ' ይልና በቅንፍ 'ኩራሺና' ይላል። አራት ጊዜ። ባልሄድኩባቸውም ሁለት ዓመታት አለሁበት።"

"ኢሶቤ ሳን ለቀልድ ይሆናል የጻፉት።"

"በቀለም ነው የጻፉት። ስማኝ፣ በሚያዝያ ልጄ ወደሚኖርበት ቺባ ይወስደኛል። ቤቱ ይሸጣል። እኔ ከሄድኩ በኋላ እዚህ ሰፈር ስለ እኔ የሚቀረው ያ መዝገብ ነው። አንድ መስመር ላይ ከፀሐይ ጋር ስሜ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ከኪሳቸው ማኅተማቸውን አውጥተው፣ እፍ ካሉበት በኋላ፣ ሰሌዳውን የእኔ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አድርገው አተሙ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሰሌዳው ተመልሶ የደረሳቸው ኢሶቤ ሳን የባቄላ ጣፋጭ በካርቶን ይዘው ኩራሺና ሳን ቤት ገቡ። እኔ ቶፉ ላደርስ ደጃፉ ላይ ነበርኩ፤ መሄድ እችል ነበር፣ ግን ቆምኩ።

"ኩራሺና ሳን፣ ዘንድሮ የምንሄደው ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ነው። ደረጃው ሁለት መቶ ሰማንያ ነው።"

"መልካም።"

"የድንጋይ ደረጃ ነው። ያሟልጫል።"

"የሚያሟልጨው ከዘነበ ነው።"

ኢሶቤ ሳን ሻያቸውን ጠጡ።

"ብርዱም እንዲሁ ቀላል አይደለም።"

"የምደርበው አለኝ።"

"አውቶቡሱም ሞልቶ እንዳይሆን እያልን ነበር።"

"ከእኔ ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ማኅተም ቆጥሬያለሁ። ወንበሩ አርባ ነው።"

"እንዴት ጥሩ አድርገው ይቆጥራሉ።"

"ቆጣሪ ሲያነብ ከኖረ ሰው አልበልጥም።"

ኢሶቤ ሳን ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ወጡ። ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ "ሥራ አይበዛብህም አንተ?" ብለው አለፉ።

የጉዞው ቀን ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነበር። ይህን ግን ማንም አላመነም። ከአርባው ሰው ሠላሳ ዘጠኙ ጃንጥላ ይዘናል፤ የዝናብ ካፖርት የደረበ አለ፤ ሙራኮሺ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ቋጥራ ሦስት ጥንድ ይዛለች። ኩራሺና ሳን ብቻ ባዶ እጃቸውን፣ የገለባ ባርኔጣ አድርገው መጡ። አውቶቡሱ ሲሄድ በግራም በቀኝም ተራራው ቀልቷል፣ ቢጫውም ከቀዩ ጋር ተደባልቋል፤ እኛ ግን አንገታችንን በመስኮት አጣመን ሰማይ ሰማይ እናያለን። አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል አውቶቡሱ በሙሉ ጃንጥላውን ጨበጠ፤ ስትጠፋም አንድ ሰው "ገና ነው" አለ።

ቤተ መቅደሱ ጋ ደረስን። ደረጃውን ወጣን። ከግራና ከቀኝ የቆሙት የጥድ ዛፎች አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ናቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም፣ ቀና ያለም ዝናብ ፍለጋ ነው። ከመሠዊያው ፊት ተራ በተራ የአምስት የን ሳንቲም ወረወርን፣ እንደ ልማዱ ሁለቴ አጨበጨብን፣ አጎነበስን።

"ሁላችሁም ምን እንደለመናችሁ አውቃለሁ" አለች ሙራኮሺ። "እንዳይዘንብ ነው፤ ለጉልበታችሁ ልመና አልተረፈም።"

ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ፏፏቴ ነው ዋናው። የፈረስ ጭራ ይባላል። በክፍለ ሀገራችን ካሉት ሃምሳ ምርጥ ፏፏቴዎች አርባ ዘጠነኛ ነው የሚል ትልቅ ሰሌዳ አጠገቡ ቆሟል። ኢሶቤ ሳን ባንዲራቸውን ተክለው፣ በድምፅ ማጉያቸው ከሰሌዳው ላይ ያለውን አነበቡልን።

"ከፍታው ሠላሳ አንድ ሜትር። ድምፁ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል።"

ጆሯችንን ሰጠን። አንዲት ወፍ ጮኸች።

ገደሉ ደርቋል። ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደ አይጥ ጭራ የቀጠነች ውሃ ትንጠባጠባለች፣ እሷም ግማሽ መንገድ ላይ ትጠፋለች።

"ሃያ አራት ቀን ጠብታ ስላልወረደ ነው" አሉ ኢሶቤ ሳን፣ አሁንም በማጉያው። "የመደነቂያው ጊዜ እንዳለ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ።"

ሰው ድንጋዩን ሲያይ ቆየ። ቀስ በቀስ ግን አንዱም ሌላውም ዓይኑን ወደ ኩራሺና ሳን አዞረ። ሙራኮሺ ናት ያፈረጠችው።

"እትዬ ኩራሺና፣ አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ልመና ሲያዘንቡልን ኖረው፣ አንድ ቀን ቢፈለጉ ይሰስታሉ?"

ሰው ሳቀ። ኩራሺና ሳንም ሳቁ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው በቡድን ፎቶው ላይ ከፊት ቆሙ፣ ከኋላችን ምንም አልነበረም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ጣፋጩን ታቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። ኢሶቤ ሳን የጉዞ መዝገቡን አወጡ። ኩራሺና ሳን ከእኔ አጠገብ ተነስተው፣ ወንበሩን እየያዙ ሄደው፣ ከኢሶቤ ሳን ጎን ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

"ሊጽፉ ነው?"

"አዎ፣ ሳይረሳ ይሻላል።"

"ይጻፉ፣ አልረብሽዎትም።"

ቦታውን ጻፉ። አርባ ሰው፣ የዘገየ የለም። አየሩ፦ ጥርት ያለ ፀሐይ። ብዕሩን ሊከድኑ ሲሉ፣

"ቅንፉስ?" አሉ ኩራሺና ሳን።

"የምን ቅንፍ?"

"ከአየሩ ቀጥሎ የሚመጣው።"

"እሱማ ለዝናብ ነው። ፀሐይ በራሷ ነው የምትወጣው።"

"አምና 'ፀሐይ' ይልና በቅንፍ 'ኢሶቤ' ይላል። ካቻምናም።"

ዓይናቸውን የጨፈኑት ሰዎች ይበልጥ ጨፈኑ። ማንኮራፋት ጀምሮ የነበረ አንድ ሰው አቆመ።

"እሱ… ሰዎች ናቸው የሚሉት። ኢሶቤ ሲሄድ ፀሐይ ትወጣለች ይላሉ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬም እንግዲህ ነበርኩ። እርስዎም ነበሩ፣ አልካድኩም። ሁለቱ ሲገናኙ የበረታው ያሸንፋል ይባላል።"

"ስለዚህ የዛሬውን ፀሐይ ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

"ለመኩራራት አይደለም።"

"የሃያ አራቱንም ቀን?"

ኢሶቤ ሳን ብዕሩን ከደኑ፣ መልሰው ከፈቱ።

"ያ ሁሉ ፀሐይ የእርስዎ ከሆነ" አሉ ኩራሺና ሳን በጣም በለዘበ ድምፅ፣ "ፏፏቴውንም ያደረቁት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ደክሞዎት ይሆናል። አንድ የስኳር ድንች ልስጥዎት?"

"ውይ" አለች ሙራኮሺ ዓይኗን ሳትገልጥ። "እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሳቸውን ስወቅስ ዋልኩ።"

"ሁለት መቶ ሰማንያ ደረጃ ወጥቼ ድንጋይ ያየሁት በኢሶቤ ሳን ነዋ" አለ ከኋላ አንዱ።

ኢሶቤ ሳን መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከፊታቸው መዝገቡ ተከፍቷል፤ ሲያስቡ ያስታውቃል። ፀሐዩን ከወሰዱ ፏፏቴው አብሮ ሊመጣ ነው። አርባ ዘጠነኛውን ፏፏቴ ያደረቀ ሰው ተብሎ መኖር ደግሞ ለሰፈር መሪ አይሆንም።

"በደንብ ካሰብነው" አሉ በመጨረሻ፣ "ዘንድሮ አዲስ የተጨመረው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ልክ ነዎት።"

"ስለዚህ የእርስዎ ነው ቢባል አይከፋዎትም?"

"አይከፋኝም።"

"ፏፏቴውም?"

"ፏፏቴውም ይሁን። እሸከመዋለሁ።"

ኢሶቤ ሳን ተንፈስ አሉ። ከብዙ ዘመን ጀምሮ እንዲህ በደስታ ሲጽፉ አላየኋቸውም። ኩራሺና ሳን መዝገቡን ተቀብለው ወደ እኔ አዞሩት።

"ኦኑኪ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። አንብብልኝ።"

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ በቅንፍ፣ ኩራሺና።

"እንደገና።"

እንደገና አነበብኩ። መዝገቡን መልሰው፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ወዲያው ተኙ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፣ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ነው።

አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ባሕሩ ዳር ቆመ። ፕሮግራሙ ላይ የፀሐይ መጥለቂያ አለ፤ ሰው ሁሉ ካሜራውን ይዞ ወረደ። ኢሶቤ ሳን በሩ ላይ ቆመው ቆጠሩ።

"ሠላሳ ስምንት። አንተ ኦኑኪ፣ ቀስቅሳቸው እንጂ። ፀሐይዋ እየገባች ነው።"

"የእሳቸው አይደለች እንዴ" አልኩ። ድምፄ ስለማይወጣ የሰሙኝ አይመስለኝም። ሰዓታቸውን አይተው ወረዱ፤ እኔ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥኩ።